የዕድሜ ልክ የተባለልኝ ጥርስ

ጥርሴ የወለቀው «ፉ»ን ሳስተምር ነው። የማስተምረው አንደኛ ክፍል ነው፤ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ባሕር ዳር ውስጥ ፊደል ያስቆጠርኋቸው ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች እየያዙ ይመጡልኛል። ያን ቀን ጠዋት «ፈ» ላይ ደርሰን ነበር። «ፈ» ደግሞ ያለ ላይኛው ጥርስ አይባልም። ልጆቹ አፌን እያዩ እንዲማሩ ሁልጊዜ አጋንኜ ነው የምለው። የታችኛውን ከንፈሬን በላይኛው ጥርሴ ነክሼ፣ አየር ሞልቼ «ፉ» ስል ሦስት ጥርስ አንድ ላይ እንደተያያዘ ከአፌ ወጥቶ የፊተኛው ዴስክ ላይ ጠብ አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያን ያህል ልጅ ያለበት ክፍል እንዲያ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ግማሾቹ ራሳቸው የፊት ጥርስ የላቸውም፤ ዕድሜያቸው ነው። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ የወደቀውን አንስታ በቀሚሷ ጠረገችና በሁለት እጇ ይዛ አመጣችልኝ።

«ቲቸር፣ ጣሪያ ላይ ይወርውሩት» አለችኝ። «ሌላ ይበቅልልዎታል።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ጠመኔ በነካ እጄ አፌን ሸፍኜ፣ የጎረቤት ክፍሏን መምህርት ልጆቹን እንድታይልኝ በምልክት ለምኜ ከግቢው ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ጥርሱን መዳፌ ላይ አድርጌ አየሁት። ከፊት ለፊት ሲታይ እንደ ተሠራበት ቀን ነጭ ነው። አንድ ጭረት የለበትም። ገልብጬ ሳየው ግን የዳሩ ጥርስ ሆድ ውስጥ ጥቁር ነገር ሞልቶበታል፤ ይሸታል። መጀመሪያ የምግብ ትራፊ መስሎኝ በጥፍሬ ልቆፍረው ሞከርሁ። የምግብ ትራፊ አልነበረም። የራሴ ጥርስ ነበር፤ በስብሶ፣ ከድዴ ላይ ተቆርጦ፣ እዚያው ውስጥ ቀርቶ የወጣ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በክረምት መግቢያ ከትምህርት ቤት ስመለስ የተሳፈርሁባት ባጃጅ ውኃ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገባችና አፌ ከፊት ካለው ብረት ጋር ተጋጨ። ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ አንዱ ተሰበረ፤ የቀረውንም ሥሩን ነቀሉት። ግራና ቀኙ ያሉት ግን አልተነኩም። ይህን ደግሜ እናገራለሁ፤ ግራና ቀኙ ያሉት ሁለት ጥርሶች አንዳች አልሆኑም ነበር።

ሰው የመራኝ የጥርስ ሐኪም መስታወት በመስታወት የሆነ ክሊኒክ ያለው፣ ነጭ ጋዋኑ እንደ ተተኮሰ የሚውል፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው። ያን ጊዜ ለሰው ሁሉ «እሳቸው» እያልሁ ነበር የማወራለት። አሁን አንቱታው ከአፌ አይወጣም። አፌን አይቶ፣ የጎደለውን ቦታ በድልድይ እንደሚሞላልኝ ነገረኝ። እንደ ዓባይ ድልድይ ነው አለ፤ ግራና ቀኝ ቋሚዎች አሉት፤ መሐሉን ይሸከማሉ። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ።

«የዕድሜ ልክ ነው» አለኝ። «እርስዎ ያረጃሉ እንጂ እሱ አያረጅም።»

ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነው የሳቅሁት። ማደንዘዣ ወጋኝና ማሽኑን አስነሳ። እኔ የሚያጣብቀው መስሎኝ ነበር፤ በሙጫ የሚያያዝ ነገር። ማሽኑ ሲጮህና የተቃጠለ አጥንት ሲሸተኝ ግራ ገባኝ። ብዙ ቆየ። ሲጨርስ በምላሴ ብፈልግ ጥርሶቼ የሉም፤ በቦታቸው ሁለት ቀጫጭን ነገሮች፣ እንደ ምስማር የሾሉ ቆመዋል። አፌ ደንዝዞ ስለነበር በእጄ እያመለከትሁ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «ለመያዣ ነው፤ ሽፋኑ ከላይ ይለብሳቸዋል» አለ። ሁለት ጤነኛ ጥርሶቼን ሞርዶ የጨረሰው ሳይነግረኝ ነው። አንድ ለመትከል ሁለት አፈረሰ። ቀድሞ ቢነግረኝ እሺ እል ነበር ይሆናል፤ እንጃ። ግን አልጠየቀኝም።

በሳምንቱ ድልድዩን አጣበቀልኝ። አልክድም፣ ያምር ነበር። ባለቤቴ እንኳ የቱ የራሴ የቱ ሰው ሠራሽ እንደሆነ መለየት አቃተው። ሐኪሙም መስታወት አሳየኝ፤ እጄን ጨበጠኝ፤ ሸኘኝ። ከሥሩ እንዴት እንደሚጸዳ አልነገረኝም። በየጊዜው መጥቼ እንድታይ አልነገረኝም። እኔም እንደ ሌላው ጥርሴ ጠዋትና ማታ በብሩሽ እፍቅ ነበር፤ ይበቃል ብዬ።

አምስተኛው ዓመት ላይ ድዴ መድማት ጀመረ። ቀጥሎ ሽታው መጣ። መጀመሪያ የጨጓራ መስሎኝ ስንት ነገር ጠጣሁ። የማስተምራቸው ልጆች ትንንሾች ናቸው፤ እርሳስ ለማስያዝ ጎንበስ ብዬ ፊቴን ከፊታቸው ማድረግ ነበረብኝ። ትንፋሼን መያዝ ለመድሁ። ማስቲካ ከቦርሳዬ አይጠፋም። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ በር አጠገብ መቀመጥ ጀመርሁ። ባለቤቴ የሐይቁ ዳር ላይ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ነገር አያበዛም። በኋላ፣ ሁሉ ነገር ከወጣ በኋላ፣ ሽታውን ያውቅ እንደነበር ነገረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«እንዳይከፋሽ ብዬ» አለ።

ከሐኪሙ በላይ እሱን የጠላሁበት ቀን ነበር ያ ቀን። የሠራልኝ ሰው አልነገረኝም፤ የሚወደኝ ሰው አልነገረኝም። ለካ አፌ ውስጥ ያለውን ከእኔ በቀር ሁሉ ያውቀዋል።

ስድስተኛው ዓመት ላይ አንድ እሑድ ሐይቁ ዳር ሆነን የተጠበሰ ቆሮሶ አሳ ስንበላ ድልድዩ ተነቃነቀ። እሾህ ነክሼ አልነበረም። ለስላሳውን ሥጋ ነው የነከስሁት። በማግስቱ ወደ ሐኪሙ ሄድሁ። አፌን ከፍቶ አንዴ በብረት ነካ ነካ አደረገውና ምን ስበላ እንደሆነ ጠየቀኝ። አሳ አልሁት።

«እንግዲህ ጥፋቱ የእርስዎ ነው» አለ። «ጠንካራ ነገር አይበሉበትም።»

አሳ ጠንካራ ነገር ሆነ። የጣና ዳር ሰው አሳ አትብላ ተባለ። ደግሞስ አይብሉ ብሎኝ ያውቃል? ይህን በልቤ ነው ያልሁት፤ በአፌ እሺ ነው ያልሁት። በተለቀቀው በኩል አዲስ ማጣበቂያ ከቶ፣ አስነክሶ፣ ሸኘኝ። ራጅ አላነሳም። ነቅሎ ከሥሩ ምን እንዳለ አላየም። ይህ በሆነ በወራት ውስጥ ነው ክፍል ውስጥ የወለቀው።

የግማሽ ዓመት ዕረፍት ደርሶ ስለነበር ወረታ ወዳለችው አክስቴ ሸሸሁ። ሸሸሁ ነው የምለው፤ ሠፈር ውስጥ አፌን ከፍቼ መሄድ አልቻልሁም። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ሐሙሲት ሲቆም ሻይ እንኳ ወርጄ አልጠጣሁም፤ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ቀረሁ። አክስቴ ወረታ ገበያ ላይ ጨውና ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁ፣ ሰማንያን የተጠጉ ሴት ናቸው። የላይኛው የዳር ጥርሳቸው ወርቅ ለብሷል። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሲስቁ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው።

ነጠላዬን አስነስተው አፌን አዩና፣ «ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ ተቆጡ።

ያን ወርቅ ያለበሳቸው ሰው የጥርስ ሐኪም አልነበረም። ገበያ ለገበያ እየዞረ ወርቅ የሚያለብስ፣ ማንበብ እንኳ የማይችል የእጅ ባለሙያ ነበር። አክስቴ ገና ሙሽራ ነበሩ። ሰውየው ሥራውን ሲጨርስ እጃቸውን ይዞ አንድ ነገር አስጠንቅቋቸዋል፤ ወርቁ አይበሰብስም፤ ከወርቁ ሥር ያለው ግን የሥጋሽ ክፍል ነው፤ ወርቁ ከድድሽ የሚገናኝበትን ጫፍ ካላጸዳሽ ከሥር ይበላሻል፤ ያን ጊዜ እኔን እንዳትረግሚኝ ብሏቸው። አክስቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአምስቱም ሶላት ውዱእ ሲያደርጉ በመፋቂያ ያን ጫፍ ሳይፍቁ ቀርተው አያውቁም። መፋቂያው ነው ወርቁን ያቆየው ማለቴ አይደለም። እድልም ይኖርበታል። ግን አንድ የማያነብ ሰው፣ ነገ ሌላ ገበያ የሚሄድ፣ ዳግም የማያገኛት ሙሽራ ፊት ቆሞ ማድረግ ያለባትን ነገራት። የእኔው ግን ግድግዳው ሙሉ የምስክር ወረቀት ያለው፣ ከቤቴ ብዙም የማይርቅ ሰው ነው።

«እኔን ስሚኝ» አሉ አክስቴ። «እዚያ ሰውዬ ጋ ዳግም አፍሽን እንዳትከፍቺ። መጀመሪያ ሌላ ሐኪም እውነቱን ይንገርሽ። ከዚያ ሂጂና ለምን እንዳልነገረሽ ጠይቂው።»

ከዕረፍቱ መልስ የመንግሥት ሆስፒታል ሄጄ ወረፋ ያዝሁ። ያየችኝ ሐኪም ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ድልድዩን በወረቀት ጠቅልዬ ይዤው ነበር፤ ፈትታ ገልብጣ አየችው። ራጅ አስነሳችኝ። ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅላ አጠገቧ አስቀመጠችኝና በእርሳስ እየጠቆመች አስረዳችኝ፤ ልክ እኔ ፊደል ሳስቆጥር እንደማደርገው። አንደኛው ጥርስ እስከ ሥሩ በስብሷል፤ መነቀል አለበት። ሁለተኛው ሥሩ ታክሞ ሊተርፍ ይችላል።

ሽፋኑ ራሱ አይበላሽም አለችኝ፤ የሚበላሸው ከሥሩ ያለው ጥርስ ነው። በሽፋኑና በድዱ መካከል ባለው ጠርዝ ምግብ ይገባል፤ ማጣበቂያው ቀስ በቀስ ይለቃል፤ መሐል ያለው ሐሰተኛ ጥርስ ከሥሩ ክፍት ስለሆነ እዚያም ይከማቻል። ለዚህ ተብሎ የሚሠራ ክርና ትንንሽ ብሩሽ አለ፤ ከሥሩ አሳልፈው ይጠርጉበታል። በየዓመቱ መታየት ያስፈልጋል፤ ሲላላ ቶሎ ከተያዘ ጥርሱ ይድናል። በደንብ የተሠራና የተያዘ አሥር ዓመትም፣ ከዚያም በላይ ብዙ ሊቆይ ይችላል፤ ሃያ ዓመት የቆየም አይታለች። የዕድሜ ልክ ግን ማንም ማለት አይችልም።

«ይህን ሁሉ ማንም አልነገረዎትም?» አለችኝ።

አልነገረኝም ለማለት አፌን ስከፍት እንባ ቀደመኝ። ልጅቷ የኀዘን መስሏት ልታባብለኝ ጀመረች። የኀዘን አልነበረም። ያ ሁሉ ነገር፣ ሰባት ዓመት የተደበቀብኝ ነገር፣ ለመናገር አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ያናደደኝ እሱ ነው። አሥር ደቂቃ ተነፈግሁ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርሁት። እሱ ሞተር ጠግኖ ለባለ ጀልባ ሲመልስ ዘይቱ መቼ እንደሚቀየር፣ የትኛው ብሎን በየስንት ጊዜው እንደሚጠብቅ ሳይነግር ሰው ሸኝቶ እንደማያውቅ ተናገረ። መሐል ሐይቅ ላይ ቢቆምበት የሰው ነፍስ ነው አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ስለ ሽታው ስላልነገረኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። ተቀበልሁት፤ ግን ወዲያው አልነበረም።

የበሰበሰው ጥርስ ከተነቀለ በኋላ፣ ድዴ ሲድን፣ ወደዚያ ክሊኒክ ሄድሁ። ገንዘቤን ልጠይቅ አልነበረም። ለምን እንዳልነገረኝ ልጠይቀው ነው። ወረፋ መጠበቂያው ላይ ከመሸንቲ የመጣች አንዲት ወጣት ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። ሠርጓ ቀርቧል፤ ከላይ በቀኝ በኩል አንድ ጥርስ ጎድሎባት በድልድይ ልታስሞላ ነው የመጣችው። እናትዬው ያማል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አያምም አልሁ። ከዚያ ዝም ልል አሰብሁ፤ የማላውቃት ልጅ ናት፤ ሠርጓ ነው። ዝም ልል አሰብሁ ስል ግን ራሴን ሰማሁት። ዝም ያሉኝን ሰዎች ሁሉ አስታወስሁ። ነጠላዬን ከአፌ አወረድሁና አሳየኋቸው። ከሥር ያለውን፣ የሚሞረደውን፣ የሚጸዳበትን፣ ሐኪሟ የነገረችኝን ሁሉ እኔ ለእነሱ ነገርሁ። አታሠሪ አላልኋትም። ጠይቂ ነው ያልኋት።

ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ሲወጣ ልክ እየጨረስሁ ነበር። አፌን ሲያይ አወቀኝ። ወደ ውስጥ እንድገባ በእጁ አሳየኝ፤ አልተነሣሁም። በሰው ፊት፣ ድምፄን ሳላነሣ፣ ጥርሴን ሲሞርድ ለምን እንዳልነገረኝ፣ ከሥሩ እንደሚጸዳ ለምን እንዳልነገረኝ፣ የዕድሜ ልክ ያለኝ ከየት አምጥቶ እንደሆነ ጠየቅሁት።

ጎንበስ አለና በዝግታ፣ «ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ሰው ብናገር ማን ያሠራል?» አለኝ።

በዝግታ ነው ያለው፤ ግን ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ሁሉም ሰማ። ቀጥሎ የሚያስታርቀን መስሎት ያለ ምንም ክፍያ አዲስ ድልድይ ሊሠራልኝ እንደሚችል ነገረኝ፤ ረዘም ያለ፣ አምስት ጥርስ የሚይዝ። አምስት ጥርስ እንዲይዝ ደግሞ ምን እንደሚያስፈልግ አሁን አውቃለሁ። ገና ያልተነኩ ጤነኛ ጥርሶቼን ሊሞርድ ነው። ይህንንም አልነገረኝም። ራሴ ነኝ ለእሱ የነገርሁት።

የመሸንቲዋ ልጅ ቦታዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ «ዶክተር፣ ደህናዎቹን ጥርሶቼን ይሞርዷቸዋል?» አለችው።

«ትንሽ ነው» አላት።

«ስንት ዓመት ይቆያል?»

ወደ እኔ ተመለከተ። «እንደ አያያዝሽ ነው» አለ።

ደሜ የፈላው ይህን ጊዜ ነው። እንደ አያያዝሽ! ያውቀው ነበር ማለት ነው። ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር። ለእኔ ግን የዕድሜ ልክ አለኝ፤ ለእሷ እኔ ተቀምጬ ስላለሁ ብቻ እውነቱን ተናገረ። በሚቀጥለው ቀን እኔ እዚያ አልቀመጥም። ለሚቀጥለው ሰው ምን ሊል ነው? እናትዬው ልጃቸውን ይዘው ሊመካከሩ ወጡ። ልጅቷ ስልክ ቁጥሬን ተቀበለችኝ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ሐኪሙ ቀጣዩን ሲጠራ ይሰማኝ ነበር፤ ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው።

አቤቱታ ማስገባት እንደምችል ሰዎች ነገሩኝ። ጤና ቢሮ ሄጄ አስገባሁ። ቃሌን የተቀበለችኝ ሠራተኛ የፈረምሁት ወረቀት እንዳለ ጠየቀችኝ። የፈረምሁትም የተሰጠኝም ወረቀት አልነበረም። ያለ ወረቀት ከባድ ነው አለችኝ፤ ግን መዝግባ ያዘችው። እስካሁን መልስ አልመጣም። ልትተርፍ ትችላለች የተባለችው ጥርሴ ሥሯ ታክሞ ተርፋለች። ለጎደሉት ወጣቷ ሐኪም የሚወልቅና የሚገባ ጥርስ አሠራችልኝ፤ አይመቸኝም፤ ስናገር ያፏጫል። በኋላ ላይ ሌላ ነገር ማሰብ እንችላለን ብላኛለች፤ እያንዳንዱ ምርጫ ምን እንደሚያስከፍለኝ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይልኝ ቁጭ ብላ አስረድታኛለች። ገና አልወሰንሁም። መቸኮል አልፈልግም።

ከሠርጓ በኋላ የመሸንቲዋ ልጅ ደወለችልኝ። ድልድዩን አሠርታለች፤ እዚያ ሳይሆን ሌላ ሐኪም ጋ፤ ሁሉን ጠይቃ፣ ሲሞረድ አውቃ። ለሠርጉ በጎዶሎ አፍ መቅረብ አልፈለገችም፤ አልፈርድባትም። የደወለችው ከሥሩ የሚያልፈውን ክር የት እንደሚገኝ ልትጠይቀኝ ነው። መሸንቲ ውስጥ ፈልጋ አጥታዋለች። እኔም ባሕር ዳር ውስጥ አራት ፋርማሲ ዞሬ ነው ያገኘሁት፤ ሦስቱ ምን እንደሆነ እንኳ አላወቁትም። ድልድይ የሚሠራው በየመንገዱ ሞልቷል፤ ድልድዩን የሚያቆየውን ክር የሚሸጥ ግን ከአራት አንድ ነው። ለእሷ ሁለት እሽግ ገዝቼ በመሸንቲ ሚኒባስ ላክሁላት።